በዘጠኝ ሐጃጆች ጓዝ የመጣ ዲፈረንሻል

ጥር 6 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የልጅ ልጄ ጠሂራ ናት። «አባባ፣ እራት ላይ ከሚያወሩት ግማሹን እዚህ ይጻፉት፤ እኛም እንብላበት» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ታይፕ ትመታለች። ምላሷ ከታይፑ ይፈጥናል። ከማን እንደወረሰችው አላውቅም።

እንግዲህ ልጻፍ። ልጄ ሐምዱ ከአሰብ ቆርቆሮ ጭኖ ሲመለስ እኔም ደሴ ዘመድ ጠይቄ ስለነበር አብሬው ተሳፈርኩ። ከደብረ ሲና ተነሥተን የጣርማ በርን ዳገት አጋምሰን ሳለ ኤንትሬያችን፣ የጣሊያን ጭነት መኪናችን፣ ከኋላዋ «ቋ!» አለች። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። ሐምዱ ድንጋይ አስደግፎ ከሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ ዘይት ብቻ ነበር።

«ዲፈረንሻሏ ነው አባባ። ጭነት አበዛሁባት። በገዛ እጄ ገደልኳት።»

እኔ ምን እላለሁ? «ብረት ነው፤ ያረጃል» አልኩት።

ሌላ መኪና ጎትቶ ወደ ደብረ ሲና አወረደን። ኤንትሬዋን ምሳ በልተንበት በነበረው ሻይ ቤት ግቢ አቆምናት። ባለቤቷ እቴቴ ትባላለች፤ ደግ ሴት ናት። ቆርቆሮውን ሌላ ሰው ጫነው፤ እኛም ቆርቆሮው ላይ ተቀምጠን መርካቶ ገባን።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከመሰበሯ በፊት፣ እኔ ጥላ ሥር ነበርኩ። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። ጥላ ሥር ነበርኩ።

ጥር 9

ሐምዱና መካኒኩ አሸብር ደብረ ሲና ሄደው ዲፈረንሻሉን ፈተው ስባሪውን በጆንያ ይዘው ተመለሱ። ትልቁ ጥርስ፣ ኮሮና የሚሉት፣ ተበልቷል። እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ፣ ፒኞኑ፣ ተሸራርፏል። ሁለቱን የሚይዘው የብረት ራስም ተሰንጥቋል። ኮሮናው የሰፌድ ያህል ነው፤ የብረት ራሱን አንድ ሰው ብቻውን አያነሣውም።

አሸብር ጎጃሜ ነው። ጋራዡ ሶማሌ ተራ፣ የእኛ የመለዋወጫ ሱቅ ጀርባ ነው። አንዱን ስባሪ አገላብጦ አገላብጦ አየና፦

«ጋሼ ዘይኑ፣ ይሄ የጭነት ስብራት አይመስለኝም። መጀመሪያ በአንድ ምት ተሰንጥቆ፣ በኋላ ዳገቱ ላይ የጨረሰ ነው። ፍሪሲዮኑን በድንገት የለቀቀ ሰው አለ።»

«አንተ የጥርስ ሐኪም ሆንክ እንዴ?»

«የመኪና ጥርስ ከሆነ፣ አዎ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ የራስህን የወለቀውን አስተክለህ ና።»

ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሣም። ሐምዱ ወጣ ብሎ ስለነበር አልሰማም። አልሐምዱሊላህ።

ለማስታወስ ያህል፦ እኔ መጀመሪያ ለጣሊያን ኩባንያ፣ ኋላም ለራሴ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ሶማሌ ተራ ውስጥ የፍሪሲዮን ፔዳል አለቃቀቅ ከእኔ ያልተማረ ሾፌር የለም። «እንቁላል እንደረገጣችሁ አድርጋችሁ ልቀቁ» የምለው እኔ ነኝ።

ጥር 12

ሐምዱ እራት ላይ ተናገረ። አሰብ ያለ አንድ ኩባንያ በሾፌርነት ሊቀጥረው ይፈልጋል፤ መልሱን እስከ ሚያዝያ ሃያ ይጠብቃል። «እስከዚያ ኤንትሬዋ ካልተነሣች ቆራርጬ ለምናለሽ ተራ ሰዎች እሸጣትና እሄዳለሁ» አለ። በሦስት ወር አንዴ ይመጣል ማለት ነው። ሚስቱ ሙሚና ለእኔ ወጥ ጨለፈች፣ እንደገና ጨለፈች፣ ሳህኑ ሞልቶ እስኪፈስ ጨለፈች። ትንሿ ልጁ ፋጢማ «አሰብ ሲሄድ እኔንም ባሕር ያሳየኛል?» ብላ ጠየቀች።

የሰው መኪና አትንዳ፣ አርባ ዓመት ሙሉ «እሺ ጌታዬ» ስትል ትኖራለህ ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። ኤንትሬዋን የገዛው በእኔ ምክር ነው።

ጥር 14

ሶማሌ ተራን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳረስኩ። የኤንትሬ መብራት አለ፣ በር አለ፣ ጥሩምባ ሞልቷል። ዲፈረንሻል የለም። አንዱ ጎረምሳ ጭራሽ፣ «ጋሼ ዘይኑ፣ ጥሩምባውን ይግዙኝና እየነፉ በእግርዎ ይሂዱ» አለኝ። የዚህን ልጅ አባት መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጠሂራ ከቢሮዋ የማጓጓዣ ዋጋ ገልብጣ መጣች። አዲሱን ከጣሊያን ማስመጣት ይቻላል፤ ግን የስዌዝ ቦይ በሰኔው ጦርነት ከተዘጋ ወዲህ መርከቡ አፍሪካን ዞሮ ነው የሚመጣው።

«በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር በኩል ነው አባባ። አራት ወር ይፈጃል፤ ዋጋውም ንሯል።»

«መልካም ተስፋ ብሎ የሰየመው ሰውዬ ዲፈረንሻል እየጠበቀ አልነበረም።»

በአውሮፕላንስ? በኪሎ ነው የሚታሰበው። እሷ ስትደምር እኔ ቅንድቧን አየሁ፤ ከፍ እያለ፣ ከፍ እያለ ሄዶ ሻሿ ውስጥ ገባ። «ተይው» አልኳት። «በዚህ ገንዘብ አባትሽንም እናትሽንም አንቺንም ሮማ ሰድደን፣ እዚያ ስትዝናኑ ከርማችሁ በሻንጣ ብታመጡት ይረክሳል።» የጅቡቲ ባቡር ርካሽ ነው፤ ግን ጅቡቲ ድረስ የሚያመጣው ያው መርከብ ነው። ከዓደን በጀልባ እንዳይባል እንግሊዞች ገና መውጣታቸው ነው፤ ወደቡ ላይ ዛሬ ማን እንደሚፈርም ነገ አይታወቅም።

ጥር 17

ጉልበቴ አመመኝ። ሐምዱ እንቅልፍ የለውም። «ሃያ እሥር ቆርቆሮ ብቀንስ ኖሮ» ይላል። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አራተኛውን ላለመስማት መስጊድ ሄድኩ። መስጊድም አላረፍኩም።

ጥር 19

ጂዳ ላለው ለኢስሐቅ ቴሌግራም መታሁ። ወረባቦ አብረን ቁርኣን የቀራን ነን፤ ሃያ ዓመት ሆኖታል እዚያ ከገባ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ይነግዳል። በልጅነታችን ጫማውን ዛፍ ላይ ሰቅዬበት ነበር። ረስቶት እንደሆነ እናያለን።

ጥር 25

የኢስሐቅ መልስ መጣ። «ከተገለበጠ ኤንትሬ የወጣ ሙሉ ዲፈረንሻል አለ። ጤነኛ። ዋጋው እንደ ወንድም። ጫማዬን አልረሳሁም።»

ሐምዱ ተነሥቶ ጭንቅላቴን ሳመኝ። ከዚያ ጠሂራ የማጓጓዣውን ዋጋ አጣርታ ስትነግረው መልሶ ተቀመጠ። የጀልባ ባለቤቶቹ እስከ ምጽዋ ለአንድ ትልቅ ሣጥን የሚጠይቁት ከዲፈረንሻሉ ከራሱ ይበልጣል። ክረን ያስፈልገዋል፣ ቦታ ይይዛል፣ ጀልባው እስኪሞላም ይጠብቃል።

ዲፈረንሻሉ ጂዳ፣ ኤንትሬዋ ደብረ ሲና። መሐላቸው ቀይ ባሕር።

ጥር 28

ዛሬ ቀልቤ ተመለሰ!

ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ቅመም የምትሸጠው ረሂማ ልትሰናበት ሱቅ መጣች። ዘንድሮ ሐጅ ትሄዳለች። እንደ ደንቡ ከመሄዷ በፊት ያስቀየመችውን ሁሉ እየዞረች ይቅርታ ትጠይቃለች።

«አፉ በሉኝ፣ ጋሼ ዘይኑ።»

«የትኛውን ልበልሽ? ኮረሪማ ላይ የቀላቀልሽብኝን ነው፣ ሚዛኑን?»

«ሁለቱንም!»

«ሁለቱንም አፉ ብያለሁ። ዓይነ ጥላሽም ይገፈፍ።»

ስቃ ስታበቃ ስለ ጓዟ ታማርር ጀመር። መርከቡ ለአንድ ሰው ሃምሳ ኪሎ በነጻ ይፈቅዳል። «ስሄድ በሶው ዳቦ ቆሎው ልክ አይበቃኝም፤ ስመለስ ግን ስንቁ አልቆ፣ ከዘምዘም ውሃና ከተምር በቀር ምን አለኝ? ባዶዬን ነው» አለች።

ባዶዬን ነው! ከወንበሬ ተነሣሁ። ጉልበቴን ረሳሁት።

ዲፈረንሻል አንድ ሣጥን የሆነው ስላልተፈታ ነው። ሲፈታ ኮሮና ነው፣ ፒኞን ነው፣ ኩሽኔታ ነው፣ ብሎን ነው። ሁሉም ከሃምሳ ኪሎ በታች! ረሂማ እዚያ ልጇ ዘንድ ስለምትከርም አትሆነኝም። ግን ከደሴ ዘጠኝ ሆነው የሚሄዱና አረፋን አክብረው ወዲያው የሚመለሱ ሐጃጆች አሉ።

«ይሄን ከማን ሰሙ?» አለች ጠሂራ።

«መንገድ ላይ።»

«የት መንገድ ላይ?»

«አስፋልቱ ላይ።»

ጥር 29

የብረት ራሱ ሰማንያ ኪሎ ነው። አይፈታም፣ አይቆረጥም። ሐምዱ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል «ባልና ሚስት ሲሆኑስ?» አልኩ። ሁለት ሃምሳ መቶ ነው፤ አንድ ጓዝ ነው የሚባለው። ከዘጠኙ መሐል አንድ ጥንድ አለ፤ የከሚሴ ሰዎች ናቸው። ሐምዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ዲፈረንሻል በሐጃጅ!» እያለ ግቢውን ዞረው።

ጠሂራ ወረቀቱን በታይፕ አዘጋጀች፦ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ ክብደቱ፣ የተሸካሚው ስም። ምጽዋ ላይ ቀረጡ እንደ አንድ ዕቃ ተቆጥሮ ይከፈላል። «ሐጅ አድርጎ የሚመለስን ሰው በኮንትሮባንድ አናስነካም» አለች። ልጅቷ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች አንዳንዴ።

ለኢስሐቅ «ፈትተህ አከፋፍላቸው» ብዬ ቴሌግራም መታሁ፤ ለዘጠኙ ደብዳቤ የምንልከው በወይዘሮ ሰዓደት ስም ነው። ደሴ አቡጀዲ የምትነግድ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቡድኑን የምትመራው እሷ ናት።

የካቲት 7

ከወይዘሮ ሰዓደት መልስ። ሐምዱ ፊት አነበብኩት፤ ሁሉንም አይደለም። «እናመጣለን፤ ለአላህ ብለን ነው» የሚለውን ነው ያነበብኩት። ከሥሩ ያለው ይህ ነው፦ «እኔ ለሐጅ ስወጣ ሰውን ሁሉ አፉ በሉኝ ብያለሁ። አንቱስ ልጅዎን ምን አሉት?»

ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩት። ጠሂራ አይታኛለች።

የኤንትሬዋን መሪ ነክቻለሁ። ይህን ያህል ልጻፍ። መንካት ነው።

የካቲት 16

ሐጃጆቹ ከምጽዋ ተሳፈሩ። እቴቴ በመንገደኛ መልእክት ላከች፦ ኤንትሬዋ ደህና ናት፤ ኮፈኗ ላይ በርበሬ አስጥታበታለች፤ ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ሐምዱን «ቢያንስ አንዷ ሥራ ይዛለች» አልኩት።

የካቲት 30

አረፋ። በግ አረድን። ሰላት ላይ ለሙታን፣ ለሕያዋንና ለኮሮናው ዱዓ አደረግኩ።

አሸብር ለበዓሉ መጥቶ ሻይ ሲጠጣ ጆሮዬ ሥር፣ «ጋሼ ዘይኑ፣ እንቁላሉ እንዴት ነው የሚረገጠው ነበር ያሉት?» አለ። እኔ! መልስ ያጣሁበት ቀን ይመዝገብ።

መጋቢት 17

የምጽዋ ቴሌግራም። ደረሱ! ጠሂራ ቢሮዋ ሆና ስልክ የደወለችለት ምጽዋ ያለ ሰው ነገሩን እንዲህ አጫወታት፦ የጉምሩኩ ሹም የአንዷን አሮጊት ጓዝ ሲፈታ ከስግደት ምንጣፍ መሐል ሰፌድ የሚያህል ጥርስ ወጣ። የቀጣዩ ሰው ተምር ውስጥ ኩሽኔታ ተገኘ። ሦስተኛው ሰውዬ ኪሱ ሁሉ ብሎን ነው። ሹሙ የጠሂራን ወረቀት ይዞ ዘጠኙንም በሰልፍ አቆመ፤ ዕቃውን መሬት ላይ በየተራው አስደረደረና፣ «ሰው መስላችሁ ሄዳችሁ መኪና ሆናችሁ መጣችሁ እንዴ?» ብሎ ማኅተሙን መታ። ቀረጡን ከፈሉ፤ ወጡ።

መጋቢት 25

ስምንቱ ሐጃጆች ከአስመራ በአውቶቡስ ሲወርዱ ደሴ ላይ አላረፉም። ዕቃችንን ደብረ ሲና ለማድረስ ብለው ከቤታቸው አልፈው መጡ። ሐምዱና አሸብር ተቀበሏቸው። የከሚሴዎቹ ባልና ሚስት መርከቡ ላይ ተጣልተው ኖሮ አይነጋገሩም፤ ግን የብረት ራሱ ጆሮና ጆሮውን ሳይይዙት አይነሣምና ተኳርፈው ተሸክመውት ወረዱ። እቴቴ «አንሣው ብላሃለች፤ አውርጂው ብሎሻል» እያለች ስታስተረጉም ታረቁ።

ሁሉም አለ። ፒኞኑ የለም።

ፒኞኑ ሐጃ ሰዓደት ዘንድ ነው። እሷ ደሴ ቀርታለች፤ የሐጅ ጠያቂ ቤቷን ሞልቶታል። «በአማና የተቀበልኩት ነው፤ ለዘይኑዲን እጅ ነው የተባልኩት፤ ራሳቸው ይምጡ» ብላለች።

መጋቢት 27

ጉልበቴ ብሶበታል።

መጋቢት 28

«ሶማሌ ተራ አንድ የኤንትሬ ፒኞን አግኝቻለሁ» ብዬ ለአሸብር በስልክ ነገርኩት።

«አይሆንም ጋሼ ዘይኑ። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ የተሞረዱ ናቸው። ሌላ ቢገባበት ይጮሃል፣ ይበላዋል፣ ወር አይቆይም። ይሄን ለእኔ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ብዙ ሰው ማስተማር ጥሩ አይደለም።

ሚያዝያ 2

ሐምዱ ራሱ ደሴ ደርሶ ባዶ እጁን መጣ።

«አበላችኝ፣ መረቀችኝ፣ ዘምዘም አጠጣችኝ። ፒኞኑን ግን 'ለአባትህ እጅ ነው' ብላ ከለከለችኝ። ጭነት አብዝቼ እንደሰበርኳት ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ዘምዘም ጨመረችልኝ። ለምን ሳቀች አባባ?»

«ከሐጅ የተመለሰ ሰው ደስተኛ ነው።»

«አስራ ስምንት ቀን ነው የቀረን» አለ። ከዚያ እጁን አይቶ፣ «ልክ ናት። ስግብግብ ላይ ይሳቃል» አለ።

ይህን ሲለኝ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሚያዝያ 4

እሺ። ጻፍ፣ ሽማግሌ።

ያን ቀን ሐምዱ ከምሳ በኋላ እቴቴ ጓዳ ውስጥ ይሰግድ ነበር። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስም ለምሳ ቆሟል። አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች፤ ይህችው ሰዓደት ናት፤ የሐጅ ወረቀቷን አስጨርሳ መመለሷ ነው። ዘጠኝ ሆነን እንሄዳለን፣ የከሚሴ ባልና ሚስትም አሉበት፣ አረፋን እንዳከበርን እንመለሳለን እያለች አጫወተችኝ። ዓይኗ ይስቃል። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት እንደነዳሁ፣ ጣርማ በርን ዓይኔን ጨፍኜ እንደምወጣው ነገርኳት።

«አንቱ? ይቺን? ወሬ ነው ነገሩ!» አለች።

ኤንትሬዋ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ጥላው ያለው አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። ቁልፉ ላይዋ ላይ ነው። ወደ ጥላው ላስጠጋት ወጣሁ፤ አስነሣሁ። በመስኮት ወደ ሴትዮዋ ዞሬ ፈገግ ስል ግራ እግሬ ከፍሪሲዮኑ ላይ ተንሸራተተ። ቆርቆሮ ሙሉ የጫነችው ኤንትሬ እንደ ፍየል ዘለለች። ከኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። «ጢቅ።» ያቺ ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ «እንዳታሰሟት» እያልኩ ሾፌር ሳስፈራራባት የኖርኩት ናት።

ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ወረድኩና ጥላው ሥር ተቀመጥኩ። ሐምዱ ሰግዶ ሲወጣ «መኪናዋ ተንቀሳቀሰች እንዴ?» አለኝ።

«ጥላው ነው የዞረው» አልኩት።

ሦስት ወር ሙሉ የዞረው እኔው ላይ ነው። ነገ ደሴ እሄዳለሁ።

ሚያዝያ 6፣ ደሴ

የሐጃ ሰዓደት ቤት በጠያቂ ሞልቷል። በየስኒው ዘምዘም ይቀዳል፣ ተምር ይታደላል። ከራስ እስከ እግሯ ነጭ ለብሳለች። ስታየኝ፦

«ደረሱ? እግርዎ አልተንሸራተተም?»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «የአውቶቡስ ደረጃ ነው፤ ያዝ አድርጌ ነው የወጣሁት» አልኩ። ጠያቂው ሲቀል ከአልጋዋ ሥር ፒኞኑን አወጣች፤ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ ከነግራሶው። ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ አስቀመጠችልኝ።

«ኢስሐቅ 'ለልጁ' ቢለኝ ለልጁ እሰጠው ነበር። 'ለዘይኑዲን እጅ' አለኝ፤ እሺ ብዬ ተቀበልኩ። እንጂ አንቱን ለማስጨነቅ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅዎ እዚያ ጋ ተቀምጦ ራሱን ሲረግም ሳቄ ጠፋብኝ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ያ የእኔ ጓዝ አይደለም። እኔ ሃምሳ ኪሎዬን ተሸክሜ አድርሻለሁ፤ የአንቱን አንቱ ያድርሱ።»

ቀልድ ፈለግሁ። አላገኘሁም። ይህም ይመዝገብ።

ልወጣ ስል ተምር በከረጢት ሰጠችኝና፣ «ለመሆኑ ያን ቀን ጥላው ድረስ ነድተዋት ቢሆን ኖሮ ምን ሊሉኝ ነበር?» አለች። «ቀላል ነው ልል ነበር» አልኳት። እንደገና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለዚህ ሳቅ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ የሆነው።

ሚያዝያ 7፣ ደብረ ሲና

ፒኞኑን ጭኔ ላይ አቅፌ ነው የመጣሁት። አጠገቤ የነበረችው ሴት ሕፃን መስሏት «አይራበውም?» አለችኝ።

ሐምዱ ከኤንትሬዋ ሥር ነበር። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። አሸብር ቁልፍ እያቀበለው ቆሟል። ለእግር መናገር ይቀላል ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ሐምዱ፣ አፉ በለኝ።»

«ሐጅ ሊሄዱ ነው እንዴ አባባ?»

«አይደለም። ያን ቀን ጥላ ሥር አልነበርኩም።»

እግሩ መንቀሳቀሱን ተወ። ሁሉንም ነገርኩት፦ ሴትዮዋን፣ ፈገግታዬን፣ ፍሪሲዮኑን፣ «ጢቅ»ን። አሸብር ከንፈሩን ነክሶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከዚያ ከሥር የሐምዱ እጅ ብቅ አለ።

«ፒኞኑን» አለ።

ሰጠሁት። እቴቴ እንቁላል ጠብሳ አመጣች። ድርሻዬን ወደ አሸብር ገፋሁት።

ሚያዝያ 9

ኤንትሬዋ ተነሣች! እቴቴ በርበሬዋን ሰበሰበች፤ ዶሮዋ ግን ከነጫጩቶቿ አልወርድም ብላ ግማሽ ሰዓት አስለመነችን።

አሸብር ከኋላ ተጫነ፤ ጋቢናው ውስጥ እኔና ሐምዱ ብቻ። ሐምዱ ዳገቱን ጀመረ። የተሰበረችበት ቦታ ስንደርስ ዳር ይዞ አቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም።

«ሦስት ወር። ቆርቆሮ ስቆጥር ሦስት ወር። ሙሚናን እንኳ 'ስግብግብ አገባሽ' ብያታለሁ። እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው ወጥ ይበላሉ።»

«እውነትህን ነው።»

«አሸብር ያውቃል?»

«ጠርጥሯል።»

«ሴትዮዋ ታውቃለች፣ መካኒኩ ያውቃል፣ ጠሂራ እንኳ ታውቅ ይሆናል። እኔ ነኝ የማላውቀው።»

እሱ የተናገረውን እዚህ የጻፍኩት እንዳላሳምረው ነው። እንዲህ ነው ያለኝ።

ማርሽ አስገባ፤ ወጣን። የዲፈረንሻሉ ድምፅ ቅቤ ነው። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለመ፤ ፊቱ አይታየኝም። በጨለማው ውስጥ፦

«ፈገግ ሲሉ ነው የተንሸራተተው?»

«ፈገግ ስል ነው።»

«በሰባ አንድ ዓመትዎ?»

«ሰባ ነው።»

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ዲፈረንሻሉ ሄደ ብዬ ደነገጥኩ። ሳቁ ነበር። ዋሻው አሥር እጥፍ አድርጎ መለሰው። አሸብር ከኋላ «ምን ተሰበረ?» እያለ ጋቢናውን ይደበድባል።

ሚያዝያ 15

ሐምዱ ለአሰቡ ኩባንያ መልስ ላከ፦ አልቀጠርም። ሙሚና ዛሬ ወጥ የጨለፈችልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገሩን ሰምታለች ማለት ነው። ጠሂራ «እኔ ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ፤ 'አስፋልቱ ላይ' ያሉ ዕለት» አለች።

ሚያዝያ 18

ሐምዱ ሰባተኛ ካለው ሰዓሊ ዘንድ ኤንትሬዋን አቁሞ ሲያስጽፍ ዋለ። ሌሎቹ ባለመኪኖች ግንባሩ ላይ ምርቃት ያጽፋሉ። የእኔ ልጅ የሾፌሩ በር ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ጎላ አድርጎ እንዲህ አስጻፈ፦

«አባባ በዚህ በር አይገቡም።»

ሶማሌ ተራ ሱቁን ዘግቶ ሊያነብ ወጣ። የጥሩምባው ጎረምሳ ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። አሸብር «እንቁላል!» ብሎ ጮኸ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ቀርቤ አየሁት። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ «አባባ» የሚለውን አሳምሮታል።

ከዚያ ዞር ብዬ በወዲያኛው በኩል ሄድኩ። የረዳቱ በር ላይ ምንም አልተጻፈም። ከፈትኩት። መቀመጫው ላይ አዲስ ትራስ ተደርጎበታል።

ነገ ከሐምዱ ጋር ወደ አሰብ እንወጣለን። ፋጢማም ባሕር ልታይ ነው፤ መሐላችን ትቀመጣለች። ደሴ ላይ የሐጃ ሰዓደትን አረንጓዴ ጨርቅ አጥቤ እመልሳለሁ። ደብረ ሲና ላይ ምሳ ስንቆም ግን ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። የእውነት።